ቀጮና አልሞት ያሏት ሴሎች

የባሌ እህት ካንሰር ታጠናለች። ይህን ለሰው ስናገር የሚከተለው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እና መድኃኒቱን አገኘችው?» አላገኘችም። ሐኪምም አይደለችም። «ዶክተር» የሚለው ማዕረግ አላት እንጂ ሰው መርፌ ወግታ አታውቅም፤ ደም ስታይ እንኳ ፊቷን ታዞራለች። ይህን ለጎረቤት ማስረዳት ግን ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቤታችን በመጣች ቁጥር አንዱ የጉልበቱን እብጠት፣ አንዷ የልጇን ሳል ይዛ በር ላይ ትቆማለች። እሷ «እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም» ትላለች፤ እነሱ ደግሞ ትሕትናዋ ነው ብለው ይብስ ይወዷታል።

ባሌ «ቀጮ» ነው የሚላት። በልጅነቷ ነፋስ የሚወስዳት ትመስል ስለነበር እሱ ራሱ ያወጣላት ስም ነው፤ ዛሬም ብዙ አልወፈረችም። ባሌን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ፊውዝ» ይለዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቶሎ ስለሚቃጠልም ነው። እኔ የፊውዝ ሚስት ነኝ። መጋረጃ እሰፋለሁ። ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይሉኛል፣ አልክድም።

ቀጮ ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ሴሎች አሏት። እሑድ ተሰብስበን ምሳ ሊቀርብ ሲል ብድግ ትልና «ሴሎቼን ላበላ» ትላለች። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ቤቷ የምታሳድገው ነገር ያላት መስሎኝ «ይዘሻቸው ነይ፣ እዚሁ ይበላሉ» ብያታለሁ፤ ባሌ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። ለካ ሴሎቹ ከብዙ ዓመት በፊት ከሞተ ሰው ዕጢ የተወሰዱ ናቸው። ባለቤታቸው አፈር ከሆነ ቆይቷል፤ እነሱ ግን በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሮዝ ፈሳሽ እየጠጡ ይባዛሉ። ፈሳሹ በጊዜው ካልተቀየረላቸው ያልቃሉ።

«ነፍሰ ገዳይ እየቀለብሽ ታሳድጊያለሽ በይኛ» አልኳት።

«አዎ እትዬ፣ እንደዚያ ነው» አለችኝ፣ ቅር ሳይላት። ከእሷ ጋር መጣላት አይቻልም፤ ይህ ራሱ ያናድደኛል።

ቤቷ ብትሄዱ ስኳር ዕቃው ላይ የተከፈተበት ቀን ተጽፎ ተለጥፏል። ጨው ላይም፣ ዘይት ላይም። እጇ በአልኮል ብዛት ተሰነጣጥቋል። እርግጠኛ ነሽ ወይ ካሏት፣ ፀሐይ ነገ ትወጣለች ለማለት እንኳ ታመነታለች። ያላየችውን አየሁ አትልም፤ አንዴ ያየችውንም ሦስቴ ሳትደግመው አታወራም። ዋርሳዬ ናትና አማሁ አትበሉኝ፤ ይህን ፊቷ ላይም እነግራታለሁ።

ሥራዋን ለወንድሟ ያስረዳችው እኛው ቤት፣ ሻይ እየጠጣን ነው። ሴል ዝም ብሎ አይከፋፈልም አለች። ከውጭ መልእክት ይመጣለታል፤ «እደግ» የሚል፣ ወይም «በቃህ» የሚል። መልእክቱ የሴሉን ሽፋን ሲነካ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ይነቃል፤ እሱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፣ ያኛው ደግሞ ቀጣዩን፣ እንዲህ እየተቀባበሉ መሐል ድረስ ያደርሱታል። መልእክቱ ሲያበቃ ሁሉም ያርፋሉ። ካንሰር ሲሆን ከተቀባባዮቹ አንዱ ማረፍ ያቅተዋል። ማንም ሳይልከው «እደግ፣ እደግ» ሲል ይውላል፣ ያድራል።

ፊውዝ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ማብሪያ ማጥፊያው ተጣብቆ ቀርቷል በይኛ።»

«ልክ ነህ ጋሼ።»

«ታዲያ ገመዱን መቁረጥ ነዋ።»

«እሱን ነው የምሞክረው» አለች።

ከዚያ ወዲያ የቀጮ ጥናት ለባሌ የገዛ ሥራው ሆነ። ባሌ አንዲት እምነት አለችው፤ ብልሽቱ ከታወቀ ግማሹ ተሠርቷል ይላል። ዕድሜውን ሙሉ በዚህች እምነት መሰላል ወጥቶ ወርዷል፣ አሳፍራውም አታውቅም። መብራት ለጠፋበት ቤት ትበቃለች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የላብራቶሪዋ ማሞቂያ ሳጥን መብራት እየተቆራረጠ አስቸገራት። ሴሎቹ እንደ ጫጩት ሙቀት ይፈልጋሉ፤ ከቀዘቀዙ የወራት ድካሟ ገደል ገባ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ጥገና ክፍል «እንመጣለን» እያለ ሲቀርባት ወንድሟን ጠራች። ፊውዝ ሄዶ ለሳጥኑ ብቻውን የሆነ መስመር ዘረጋለት። እሷም ደስ ብሏት ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው። አንደኛው ዕቃ ላይ ሴሎቹ ተጨናንቀው ተዘርግተዋል። ሁለተኛው ላይ የምትሞክረው መድኃኒት ከገባበት ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ሴሎቹ ተኮማትረው፣ ከሥራቸው ተነቅለው ይንሳፈፋሉ።

«ሲረግፉ በዓይኔ በብረቱ አየሁ» እያለ ቤት ገባ። በዚያ ሳምንት ሰፈር ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር መንገድ ላይ አስቁሞኝ «የፊውዝ እህት ገመዱን ቆረጠችው አሉ» አለኝ። ቀጮ ስትመጣ «ገና ነው እኮ ጋሼ» ትለዋለች። እኛ ገና ነው ስንባል ትንሽ ጠብቁ የተባልን መሰለን። እሷም ከዚያ በላይ አልገፋችበትም። ወንድሟ ስለ እሷ ደረቱን ነፍቶ ሲያወራ መስማት ደስ ሳይላት አልቀረም፤ ማንን ደስ አይለው?

እንግዲህ ነገሩ የመጣው ወዲህ ነው። ፊውዝን መሰላል ከበደው። ሱሪው ይሰፋበት ጀመር፤ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አይቼ ዝም አልኩ። ሆዱን ይቆርጠዋል። ደም እንደሚያይ የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ የእኔ ሰውዬ ደብቆም ገልጦም አልሆነለትም።

ሆስፒታል ሄድን። ቱቦ አስገቡበት፣ ከዕጢው ቆንጥረው ወሰዱ፣ ፎቶ አነሱት። ውጤቱን የነገረን ሐኪም ወጣት ነው፤ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ ቀስ ብሎ ይናገራል። አንጀቱ ላይ ነው፣ ጉበቱ ላይም ትንሽ ደርሷል አለን። መጀመሪያ በደም ሥር መድኃኒት እንሰጥዎታለን፤ ከቀነሰልን በቀዶ ጥገና እናወጣዋለን። «ግን ቶሎ መጀመር አለብን» አለ። «ዕድሉ ያለው አሁን ነው።» እሱ ስለ ዕጢው ዓይነት እያስረዳ ቀጠለና የአንድ ፕሮቲን ስም ጠራ፤ ተበላሽቶ ሴሎቹን የሚያባዛው እሱ ነው አለ።

ባሌ ቀና አለ። «ማን አሉኝ? ይድገሙልኝ እስቲ።»

ሐኪሙ ደገመለት።

«የእህቴ ነው» አለ ፊውዝ።

«ምኑ?»

«ፕሮቲኑ። የእህቴ ነው፤ የምታጠናው እሱን ነው።» ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም፤ ደስ ብሎት ነበር። ሰው ካንሰር አለብህ ተብሎ፣ የጠፋ ልጁ ዘመድ ቤት እንደተገኘለት ሰው ደስ አለው። እኔም ምን ልዋሽ፣ አብሬው ደስ አለኝ።

ቤት ስንደርስ የሆስፒታሉን መድኃኒት አልወስድም አለ። «ፀጉሩንም፣ አፉንም፣ ሆድ ዕቃውንም ያቃጥላል። አንድ አምፖል ለመቀየር የሰፈሩን መብራት በሙሉ ማጥፋት ነው ይሄ። የቀጮ መድኃኒት ግን ያቺን አንዲት ገመድ ብቻ ነው የሚቆርጠው።»

ቀጮ ወሬውን ሰምታ መጣች። የፕሮቲኑን ስም ሲነግራት ቦርሳዋን ወንበር ላይ ልታስቀምጥ ስትል ስታው ወለሉ ላይ ወደቀ። አላነሳችውም።

«ጋሼ፣ የሆስፒታሉን ጀምር። ነገውኑ ጀምር።»

«ያንቺውስ?»

«የእኔ ገና ነው።»

«እጠብቃለሁ፣ ምን ቸገረኝ።»

«የሚጠበቅ አይደለም። ሴል ላይ የታየው ውጤት ሰው ላይ መድገሙ... ማለቴ፣ ምናልባት አቅጣጫው ራሱ፣ ሌሎች መንገዶችም ስላሉ...»

ስትጨነቅ እንደ ጥናት ጽሑፍ ነው የምትናገረው። ባሌ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሚፈልጋትን ብቻ ለቅሞ ወሰደ። ስትሄድ በጆሮዬ «አለቆቿ ከልክለዋት ነው» አለኝ። «ሕግ ይኖራቸዋል። ለወንድሟ ግን አንጀቷ አይጨክንም።»

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ አልሄደም። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጎረቤቱም አላገዘኝም። ፀጉር አስተካካዩ «ቤቱ ውስጥ ዶክተር እያለች ምን ሆስፒታል ያመላልሰዋል» ይላል፤ ምላሱን በመቀሱ በቆረጠው። ሸሚዙ ከትከሻው ይንሸራተት ጀመር። ሲቀመጥ ጎኑን ይዞ ነው፣ ሲነሳም ጎኑን ይዞ ነው። ስልክ ሲጮህ «ቀጮ ናት?» ይላል። በር ሲንኳኳ «ቀጮ ናት?» ይላል። ስትመጣ መጀመሪያ የሚያየው ቦርሳዋን ነው፤ እሷም እንደሚያየው ታያለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃ የምሰፋበት ክፍል ጎትቼ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ።

«ስሚ» አልኳት። «ካለሽ ስጪው። ከሌለሽ የለኝም በይው። ላም አለኝ በሰማይ እያልሽ ሰው አትግደዪብኝ።»

«ብየዋለሁ እትዬ። ስንቴ ብየዋለሁ።»

«በሰው አፍ በይው እንጂ።»

የጨርቁ ክምር ላይ ቁጭ አለች። በኋላ «ፍሪጅ ውስጥ አለ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የመድኃኒቱ ዱቄት። የጋሼን ክብደት ጠይቄው ነበር፣ ስንት እንደሚበቃው ላሰላ። ለምን እንደጠየቅኩት አላወቀም። አስልቼዋለሁ።»

ወደ እሷ ተጠጋሁ። «እና?»

«አይጦች ላይ ሞክረነዋል። ዕጢው ቀነሰ፤ ከዚያ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ጠንከር አድርገን የሰጠናቸው ደግሞ ዕጢው ሳይገድላቸው ጉበታቸው አለቀ። ጋሼ ደግሞ ጉበቱ...» አልጨረሰችውም። ዓይኗን በመዳፏ ተጫነች። «ይሄን ሁሉ ዓመት የምሠራው ለምን እንደሚመለስ ለማወቅ ነው። ሌላ ምንም አልሠራሁም።»

እኔም ተቀመጥኩ። እጄ ላይ የያዝኩት ጨርቅ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ሰው የሌለውን ስጥ አይባልም፤ ያለውን አትስጥ ሲባል ግን እንዴት ይችለዋል?

«ይየዋ እንግዲህ» አልኳት። «ያኔ ሲረግፉ እንዳሳየሽው፣ ሲመለሱም ይይ።»

«ያለችውን ተስፋ ልንጠቀው እትዬ?»

«ንጠቂው» አልኳት። አፌ ነው ያለው፤ ልቤ አላለም።

ሦስታችን ላብራቶሪዋ ሄድን። ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸታል፤ ፍሪጆቹ በግራና በቀኝ ያጉረመርማሉ። ቀጮ ነጭ ካፖርት አለበሰችን። የባሌ ሁለት ሰው ያስገባል፤ እጅጌውን ሁለት ጊዜ አጠፍኩለት። መንገድ ላይ መድኃኒቱ እንደማይሆን ነግራዋለች። እሱ ግን ሊወስደው የመጣ መስሎታል፣ ከአረማመዱ ያስታውቃል። ገና ሲገባ እሱ ወደ ዘረጋው መስመር ሄዶ ሶኬቱን በጣቱ ጀርባ ነካ ነካ አደረገና «አልሞቀም፣ ደህና ነው» አለ።

ቀጮ ማሞቂያውን ከፍታ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ ዕቃዎች አወጣች። ሥራዋ ይኸው ስለሆነ በየደረጃው አሏት።

«ጋሼ፣ ና ተቀመጥ። ይሄ ያኔ ያየኸው ዓይነት ነው። መድኃኒቱ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ።»

ዓይኑን ደቀነ። «አዎ፣ ረግፈዋል።»

«ጥጉ ጋ ያልተነቀለች አንዲት አለች። አየሃት?»

ቆየት ብሎ «አየኋት» አለ።

ሌላ ዕቃ አስገባችለት። «ይሄ ሁለት ሳምንቱ ነው። መድኃኒቱ አልተቋረጠበትም።» ከዚያም ሦስተኛውን። «ይሄ ደግሞ ወሩ።»

ፊውዝ ብዙ ጊዜ አየ። እኔ የማየው ጀርባውን ነው፤ ማጅራቱ እንደዚያ መክሳቱን ልብ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

«ሞልቷል» አለ በመጨረሻ።

«ሞልቷል።»

«መድኃኒቱ አሁንም አለበት?»

«አለበት። ውስጡ ነው የሚኖሩት።»

«ገመዱ ግን ተቆርጧል ብለሽኛል።»

«ተቆርጧል ጋሼ። ያቺ የቀረችው በሌላ መስመር ቀጠለችው። ያንን ስቆርጥ በሌላ። ሁሉንም አንድ ላይ ስቆርጥ ጤነኛው ሴል ቀድሞ ይሞታል።»

«ጠልፋ» አለ ባሌ። ቆጣሪው ሲዘጋበት ከምሰሶ ጠልፎ የሚያበራ ሰው በሥራው ስንቱ አጋጥሞታል። «ጠልፋ ነዋ የምታበራው።»

«አዎ።»

«ይሄን ካወቅሽ ቆየሽ?»

ቀጮ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች፤ ጣቷ ላይ ተጣብቆ እንቢ አላት። «አንተ መስመሩን በዘረጋህ በወሩ ነው ያየሁት።»

ለምን አልነገርሽኝም ይላታል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲላትም ፈልጌ ነበር። አላላትም። ጠረጴዛውን ደገፍ ብሎ ተነሳ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና «አይዞሽ ቀጮ» አላት። «ከባድ ሥራ ነው የያዝሽው።»

በዚያች ደቂቃ ጠላኋት። አድርጊው ያልኳት እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ግን ይዞት የገባውን ነገር ሳይዝ ሲወጣ ሳይ ጠላኋት፤ ያንን ሁሉ ትምህርት፣ ያንን ሁሉ ዕቃ፣ የሚያጉረመርመውን ፍሪጅ ሳይቀር ጠላሁት። በሩ ጋ ደርሼ ዞር ስል ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወደ ማሞቂያው እየመለሰች ነበር። ልትደፋቸው አትችልም፤ ሥራዋ ናቸው። ደግሞም የምግብ ሰዓታቸው አልፏል።

በሳምንቱ ሆስፒታል ተመለስን። ሐኪሙ አዲሱን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ብዙ አየው። ጉበቱ ላይ ያሉት በዝተዋል። ቀዶ ጥገናው ለጊዜው ይቆይ አለ፤ «ለጊዜው» ሲል ፊታችንን አላየም። መድኃኒቱን ግን እንጀምር፣ ለማዘግየት ይረዳል። ቀደም ብለን መጥተን ቢሆንስ ብዬ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ባሌ ጉልበቴን ያዝ አደረገኝ። ቢመልስልኝስ ምን ላደርገው?

መድኃኒቱ የሚሰጥበት ክፍል ረጅም ነው። ሰዎች በየወንበሩ ክንዳቸውን ዘርግተው ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን ያያሉ። ቀጮ ከሥራ አስፈቅዳ መጥታለች። ነርሷ ደም ሥር ፍለጋ ክንዱን ደጋግማ መታ መታ አደረገች፤ ያን የመሰለ ክንድ፣ ጥቅል ሽቦ ተሸክሞ ደረጃ የሚሮጥበት ክንድ፣ ደም ሥር ታጣበት። አገኘችና መርፌውን አስገባች፤ ቀጮ ፊቷን አላዞረችም። ከረጢቱ ሲሰቀል የተጻፈበትን አነበበች፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። ምኑን እንደሚዘጋ፣ ሴሎቹ በየት በኩል እንደሚያልፉትም ታውቃለች። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም፤ የእሷን ፊት ማንበብ ግን ለምጃለሁ። እሱም ለምዷል።

«ቀጮ» አላት።

«አቤት ጋሼ።»

«ይሄኛውስ? ይሄኛውንም ጠልፈው ያልፉታል?»

ቀጮ የከረጢቱን ጽሑፍ እንደገና ማንበብ ጀመረች።

«ተይው፣ አንቺን አልጠይቅም» አላት፣ ቀስ ብሎ። ወደ ነርሷ ዞረ። «ሲስተር፣ ይሄ መድኃኒት ይሠራል?»

ነርሷ ጠብታውን እያስተካከለች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ይሠራል እንጂ አባቴ። ባይሠራ ይሰጥዎት ነበር?»

ፊውዝ ወደ እህቱ ዞረ። «ሰማሽ?» አላት።

ቀጮ መርፌ የሌለበትን እጁን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሰማሁ ጋሼ» አለች።